ማስረጃው ይበቃልን?

(በራዲዮ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በውጭ አገር የንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርት ለመቀጠል አስቦ ለመግቢያ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። ሰውየው በሒሳብ የተመሰገነ ነው፤ በመሥሪያ ቤታችን የበጀት ሠንጠረዥ አልገጥም ባለ ጊዜ የሚጠራው እርሱ ነው። ነገር ግን ከመለማመጃው መጽሐፍ አንድ ክፍል ላይ በደረሰ ጊዜ ከአሥር ጥያቄ ስድስቱን እየሳተ ተቸገረ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ክፍሌ መጣና «እኔ ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ የሚጠይቁኝን ግን አላውቅም» አለኝ። እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ የሒሳብ ዕውቀት የለኝም። ሆኖም ጥያቄዎቹን አብረን ስንመለከት የሚፈልጉት ሒሳብ ከዚያ የማያልፍ ሆኖ አገኘነው። ባልደረባዬን ያሰናከለው ሌላ ነገር ነበር፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

ፈተናው በተለምዶ ጂማት ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ ለንግድ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ሆኖ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ከጥያቄዎቹ መካከል «የማስረጃ በቂነት» ልንለው የምንችለው አንድ ልዩ ዓይነት አለ። እንደዚያው አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ፈተናው በአዲስ መልክ ሲወጣ ይህ ዓይነት ጥያቄ ከተራው የሒሳብ ክፍል ወጥቶ መረጃን ለመመርመር ወደ ተለየው ክፍል ተዛውሯል። በዚህ ክፍል ለ20 ጥያቄዎች የሚሰጠው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዝውውሩ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከስሌት ይልቅ የፍርድ ጥያቄ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ ለምሳሌ «ሀ የተባለው ቁጥር ስንት ነው?» ይባላል። ከዚያ በታች ሁለት ማስረጃዎች፥ አንደኛና ሁለተኛ ተብለው፥ ይቀመጣሉ። ከተፈታኙ የሚፈለገው ግን የሀ ዋጋ አይደለም፤ ማስረጃዎቹ ጥያቄውን ለመመለስ ይበቁ እንደ ሆነ እንዲወስን ነው። ውሳኔውም ከአምስት አንዱ ይሆናል፦ አንደኛው ማስረጃ ብቻ ይበቃል፤ ወይም ሁለተኛው ብቻ ይበቃል፤ ወይም ለየብቻ አይበቁም፥ ሲጣመሩ ግን ይበቃሉ፤ ወይም እያንዳንዱ ለየራሱ ይበቃል፤ ወይም ሁለቱ ተጣምረውም አይበቁም። ባልደረባዬ በልማዱ ቁጥሩን ሊያወጣ ይታገል ነበር። ቁጥሩ ሲወጣለት ይደሰታል፤ ሳይወጣለት ሲቀር ማስረጃውን ይነቅፋል። ሁለቱም ስሕተት ነበር።

ነገሩን ከመሥሪያ ቤት ባልወጣ ምሳሌ ላስረዳ። «ይህ ሠራተኛ ለጡረታ የሚያበቃውን 60 ዓመት ሞልቷልን?» ተብሎ ተጠየቀ እንበል። አንደኛው ማስረጃ «በ25 ዓመቱ ተቀጠረ» ይላል። ሁለተኛው ማስረጃ «ሳያቋርጥ 36 ዓመት አገልግሏል» ይላል። አንደኛው ብቻውን ምንም አይወስንም፤ ትናንት የተቀጠረም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውም ብቻውን አይበቃም፤ በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረ አናውቅምና። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን 61 ዓመት ይሰጣሉ፤ ጥያቄው ተፈታ። አሁን በእነዚህ ፈንታ «ሠራተኛው ከ1950 ዓ.ም. በፊት ተወልዷል» የሚል አንድ ማስረጃ ብቻ ቢቀርብስ? ዕድሜው በትክክል ስንት እንደ ሆነ አልተነገረንም፤ ቢሆንም ከ60 ማለፉ የተረጋገጠ ነው። የተጠየቅነው «ሞልቷልን?» ተብለን እንጂ «ስንት ዓመቱ ነው?» ተብለን አይደለምና ይህ አንድ ማስረጃ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ መጠበቅ አለበት። በፍርድ ቤት ምስክሮች ለየብቻ እንደሚሰሙ ሁሉ፥ ሁለቱም ማስረጃዎች ለየብቻ ይመረመራሉ። የሁለተኛውን ቃል ስንሰማ የአንደኛውን እንዳልሰማን ሆነን መቀመጥ ይገባናል። ይህ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን አእምሮ የሰማውን ስለማይረሳ ይከብዳል። ባልደረባዬን የመከርሁት ሁለተኛውን ሲያነብ አንደኛውን በእጁ መዳፍ እንዲሸፍን ነበር። የልጅ ዘዴ ይመስላል፤ እርሱም መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር። በዚህ ፈተና ከፍርድ ቤቱ የሚለየው፥ ምስክሮቹ ሁለቱም ሁልጊዜ እውነተኞች መሆናቸውና እርስ በርሳቸው አለመጣላታቸው ነው። የሚያጠራጥረው የቃላቸው ስፋት ብቻ ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ይልቁንም ሰው የሚያሳስቱት ፍጹም ዋጋና ብቸኛ ቁጥሮች የሚገቡባቸው ናቸው።

ፍጹም ዋጋ ማለት አንድ ቁጥር ከዜሮ ያለው ርቀት ነው። ርቀት አቅጣጫ የለውም፤ ስለዚህ የ7 ፍጹም ዋጋ 7 ነው፥ ከዜሮ በታች ያለው፥ በትምህርት ቤት ኔጋቲቭ 7 የምንለውም፥ ፍጹም ዋጋው 7 ነው። በጽሑፍ ሲሆን ቁጥሩ በሁለት ቀጥ ባሉ መስመሮች መካከል ይጻፋል፤ ይህን አጻጻፍ ያስገባው ካርል ቫየርሽትራስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1841 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ፍጹም ዋጋም በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አይናገርም።

ይህ ነገር ከትምህርት ቤት ውጭ የሌለ የሚመስለው ሰው የመጋዘን ቆጠራ ሪፖርት ያላነበበ ነው። «በመዝገቡና በቆጠራው መካከል የ12 ኩንታል ልዩነት ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፋል። ጎድሎ ነው ወይስ ተርፎ? ሪፖርቱ ፍጹም ዋጋውን ሰጥቶን አቅጣጫውን ትቶታል። አንባቢው ግን ሳያስበው «ጎድሏል» ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ቀጥሎ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ይጠራል፥ ፊቱም ይጠቁራል። ትርፍ ሊሆን እንደሚችል፥ ማለትም ገቢ የሆነ ዕቃ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል፥ የሚያስታውስ ሰው የሚገኘው ዘግይቶ ነው። በፈተናውም እንዲሁ ነው፦ «የሀ ፍጹም ዋጋ 7 ነው» ሲባል ብዙ ሰው 7ን ብቻ ያያል። ኔጋቲቭ 7 ከበስተኋላ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ደግሞ ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው፤ 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13 እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓ.ዓ. ገደማ አስረድቷል። በፈተናው ላይ ጉዳት የሚያመጡ ሦስት ነገሮች ናቸው። 1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ በዚህ የሚሳሳት ሰው እንዳያፍር ጎልድባኽ የተባለው ሊቅ ራሱ በ1742 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ 1ን ከብቸኞቹ ጋር ቆጥሮት ነበር፤ ደንቡ የጸናው ኋላ ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ብቸኛ አይባልም። በመጨረሻም 2 ለሁለት የሚካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው፥ እርሱም አንድ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን በተለይ ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ሁለቱን እናጋጥማቸው። ጥያቄው «ሀ ስንት ነው?» ይሁን። አንደኛው ማስረጃ «ሀ ከ10 ያለው ርቀት 1 ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ሀ ብቸኛ ቁጥር ነው» ይላል። ከአንደኛው 9 ወይም 11 እናገኛለን፤ ሁለተኛው 9ን ያስወግዳል፤ ሁለቱ ተጣምረው 11ን ሰጡን። ባልደረባዬ ይህን ካየ በኋላ፥ ፍጹም ዋጋ ሁለት መልስ ሲሰጥ ብቸኛነት አንዱን ይጥለዋል የሚል ደንብ ለራሱ አወጣ። በሚቀጥለው ጥያቄ ርቀቱ 1 በመሆን ፈንታ 3 ነበር። እርሱም ሳይመረምር «ተጣምረው ይበቃሉ» አለ። ከ10 በ3 የሚርቁት ግን 7 እና 13 ናቸው፥ ሁለቱም ብቸኞች ናቸው! ማስረጃዎቹ ተጣምረውም አይበቁም። ባለፈው መዝገብ የበቃ ወረቀት በዚህኛው መዝገብ ይበቃል ብሎ መወሰን እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምወደው ጥያቄ ልለፍ። ሀ እና ለ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው ተብሎ «የሁለቱ ድምር ስንት ነው?» ይጠየቃል። አንደኛው ማስረጃ፦ የልዩነታቸው ፍጹም ዋጋ 1 ነው። ሁለተኛው ማስረጃ፦ ሀ ከለ ያንሳል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፦ «ልዩነቱ ፍጹም ዋጋ ስለ ሆነ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይህን ይነግረኛል፤ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉኛል።» አነጋገሩ የተጠነቀቀ ሰው አነጋገር ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ልዩነታቸው 1 የሆነ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ተከታታይ ናቸው። ከሁለት ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ የግድ ለሁለት ይካፈላል። ለሁለት የሚካፈለው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ 2 ብቻ ነው ብለናል። የ2 ጎረቤቶች 1 እና 3 ናቸው፤ 1 ብቸኛ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮቹ 2 እና 3 ናቸው፥ ድምራቸውም 5 ነው፤ ማን ማንን ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልግ። አንደኛው ማስረጃ ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛው እውነት ነው፥ ጠቃሚም ይመስላል፥ ለዚህ ጥያቄ ግን አያስፈልግም።

ከማስረጃዎቹ አንዲት ፊደል ሳንለውጥ ጥያቄውን ብቻ እንለውጠው፤ «የሁለቱ ድምር ስንት ነው?» በማለት ፈንታ «ሀ ስንት ነው?» እንበል። አሁን አንደኛው ማስረጃ አይበቃም፤ ሀ 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው ሲጨመር ሀ 2 መሆኑ ይታወቃል። ቅድም ትርፍ የነበረው ወረቀት አሁን የግድ አስፈላጊ ሆነ። በራሱ በቂ የሚባል ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ የሚበቃው ለአንድ ለተወሰነ ጥያቄ ነው። ባልደረባዬ ይህን በተረዳ ጊዜ እርሳሱን አስቀምጦ «ለካ እኔ ጥያቄውን አንድ ጊዜ፥ ማስረጃውን ግን አራት ጊዜ ነበር የማነበው» አለ።

እኔም በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ብነግራችሁ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል። ወደ ራዲዮ ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ አበል ለማስፈጸም ከገጠር መጡ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘው ነበር፤ ውሳኔውም እርሳቸው እስከ ባለቤታቸው ሞት ድረስ ሚስት እንደ ነበሩ በግልጥ ይናገራል። እኔ ደግሞ «እማማ፥ የጋብቻ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ ሄደው ያምጡ» አልኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ ለመጓጓዣው ገንዘብ መበደራቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ያመጡት ወረቀት በውሳኔው ላይ አስቀድሞ ከተጻፈው በቀር አንዳች አዲስ ቃል አልነበረበትም። ወረቀቱን ሰጥተውኝ ቆመው ሲጠብቁ «ልጄ፥ ይኸ ያው አይደለም ወይ?» አሉኝ። እኔም «ለጥንቃቄ ነው፥ እማማ» አልኋቸው። የፊተኛው ማስረጃ ለጥያቄው ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ራሴን አልጠየቅሁም ነበር። በመጋዘኑ ሪፖርት ላይ ያየነው ስሕተት ያለ በቂ ማስረጃ መወሰን ነው፤ የእኔው ደግሞ በቂ ማስረጃ ይዞ አለመወሰን ነው። የመጀመሪያው ሲደርስ ጩኸት ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ ተብሎ ያልፋል።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። ሌላው የማሰናከያ ቦታ «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ነው። «ሀ ብቸኛ ቁጥር ነውን?» ተብለን «የሀ ፍጹም ዋጋ 4 ነው» የሚል ማስረጃ ቢሰጠን፥ ሀ 4 ወይም ኔጋቲቭ 4 ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ አይደሉም። መልሱ የማያወላውል «አይደለም» ነው፤ ማስረጃው በቅቷል። ብዙ ተፈታኞች ግን «አይደለም» የሚለውን መልስ ሲያገኙ ማስረጃው ያልበቃ ይመስላቸዋል። ባለጉዳይን «አይገባዎትም» ብሎ በደብዳቤ ማሰናበት ውሳኔ ነው፤ ያልተወሰነ የሚባለው «ነገ ይመለሱ» የተባለው ነው። አሁን ፍጹም ዋጋው 5 ቢሆንስ? ሀ 5 ቢሆን ብቸኛ ነው፥ ኔጋቲቭ 5 ቢሆን ግን አይደለም። እዚህ ላይ «አዎን»ም «አይደለም»ም ይቻላልና ማስረጃው አይበቃም።

ደግሞም «የሀ ፍጹም ዋጋ ከራሱ ከሀ ጋር እኩል ነው» የሚል ማስረጃ ሲሰጥ «ሀ ከዜሮ ይበልጣል» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ዜሮ ራሱ ይህን ያሟላል።

በዚህ መካከል ባልደረባዬ አንድ መልካም ጥያቄ ጠየቀኝ። «የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ልዩነት 1 ቢሆን አንድ ጥንድ ብቻ ከተገኘ፥ ልዩነቱ 2 ቢሆንስ?» አለ። 3 እና 5፥ 5 እና 7፥ 11 እና 13፥ 17 እና 19 ይገኛሉ፤ መንታ ብቸኞች ይባላሉ። እነዚህ ጥንዶች ማለቂያ ያላቸው ወይም የሌላቸው መሆኑን እስከ ዛሬ ድረስ ያረጋገጠ ሊቅ በዓለም አልተገኘም። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ያስተምር የነበረ ይታንግ ዣንግ የተባለ የቻይና ተወላጅ፥ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የሚያንስ የብቸኛ ቁጥሮች ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አስረዳ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት ያንን ሰባ ሚሊዮን ወደ 246 አወረዱት። ከ246 ወደ 2 ለመድረስ ግን በእጃቸው ያለው ማስረጃ ገና አልበቃም። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ከእኔ ጋር የተቸገረ ሌላም አለ» ብሎ ተጽናና።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ሀ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ሀ ስንት ነው? አንደኛው ማስረጃ፦ ሀ ከ10 ያለው ርቀት ከ4 ያንሳል። ሁለተኛው ማስረጃ፦ ሀ ከ15 ያለው ርቀት ከ4 ያንሳል። አንደኛው ሀን በ6 እና በ14 መካከል ያኖረዋል፤ በዚያም ያሉት ብቸኞች 7፥ 11 እና 13 ናቸው፤ አይበቃም። አንደኛውን በመዳፋችን እንሸፍን። ሁለተኛው ሀን በ11 እና በ19 መካከል ያኖረዋል፤ ዳርቻዎቹ ራሳቸው ስለማይገቡ የሚገኙት 13 እና 17 ናቸው፤ ይህም አይበቃም። ሁለቱን ስናጋጥም በሁለቱም ዘንድ ያለው 13 ብቻ ነው። ስለዚህ ለየብቻ አይበቁም፥ ተጣምረው ግን ይበቃሉ።

ባልደረባዬ ግን ይህንኑ ጥያቄ ሠርቶ «ተጣምረውም አይበቁም» የሚል መልስ ይዞልኝ መጣ። ስሌቱን ብንመረምር አንድም ጉድለት አጣንበት። ኋላ ጥያቄውን ጮኽ ብሎ እንዲያነብልኝ ለመንሁት፤ «ከ4 ያንሳል» የሚለውን «ከ4 አይበልጥም» ብሎ አነበበው። እንዲህ ሲሆን ዳርቻዎቹ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ማስረጃ 11 እና 19 ይጨመራሉ፤ 11 ደግሞ በአንደኛውም ዘንድ ስላለ 11 እና 13 ሁለቱም ይቀራሉ። እርሱ ላነበበው ጥያቄ መልሱ ትክክል ነበር።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን።